ለባላቸው ደህና ቀን የመረጡ ሚስት፦ ኮከብ ቆጠራና የልብ ቅርበት በሬገኖች ትዳር

ማርች 30 ቀን 1981፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ሥልጣን ከያዙ ገና 69 ቀናቸው የነበሩት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ዋሺንግተን ውስጥ በሂልተን ሆቴል ንግግር አድርገው ሲወጡ ተተኮሰባቸው። ተኳሹ ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት ጥይቶችን ተኩሷል፤ ከእነዚህ አንዷ መኪናቸው ላይ ነጥራ በግራ ብብታቸው ሥር ገባችና ከልባቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቃ ቆመች። ባለቤታቸው ናንሲ ሬገን በዚያ ሰዓት ዋይት ሀውስ ነበሩ። መጀመሪያ የተነገራቸው ተኩስ እንደነበረና ፕሬዚዳንቱ ግን እንዳልተመቱ ነው፤ እውነቱን የሰሙት ሆስፒታል ሲደርሱ ነበር።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ነው። ናንሲ ሬገን እስከ 1988 ድረስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ይኖሩ ከነበሩት ኮከብ ቆጣሪ ከጆአን ኩዊግሊ ጋር በስልክ እየተማከሩ፣ ባላቸው በየትኛው ቀን ወደ ሕዝብ ቢወጡ፣ በየትኛውስ ሰዓት ቢጓዙ ደህና እንደሚሆን ሲጠይቁ ኖረዋል። ነገሩ ይፋ ሲሆን ዓለም የተነጋገረው ስለ ፖለቲካው ነበር፤ ሥልጣን ያለው በሰው እጅ ነው ወይስ በኮከብ የሚል ክርክር ገንኖ ከረመ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ለማናችንም ቤት የቀረበ ጥያቄ ነው። መዋደዳቸውን የማይወዷቸው ሰዎች እንኳ ያልካዱላቸው፣ 29 ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት መካከል ሦስተኛ ሰው ሊገባ የቻለው እንዴት ነው? የገባውስ ነገር አቀራረባቸው ወይስ አራራቃቸው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከውስጥ ሆነው የጻፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የዋይት ሀውስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ዶናልድ ሪገን (ስማቸው ቢመሳሰልም ከፕሬዚዳንቱ ከሬገን የተለዩ ሰው ናቸው) በ1988 ምስጢሩን አወጡ፤ ናንሲ በ1989 መልስ ሰጡ፤ ኩዊግሊ ደግሞ በ1990 የራሳቸውን ጻፉ። ሦስቱ አይስማሙም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከሥራ የተባረሩ ሰው ናቸው፤ ኮከብ ቆጣሪዋ የራሳቸውን ድርሻ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቀዳማዊት እመቤቷ ዝቅ ያደርጉታል። ስለ መንግሥት ሥራ የሚጽፍ ሰው ሦስቱንም በእኩል ጥርጣሬ ማየት ይኖርበታል። ስለ ትዳሩ ለሚጽፍ ግን የናንሲ ቃል ይበልጥ ይመዝናል፤ ራሳቸውን ሲከላከሉ እንኳ ማንም ያልጠየቃቸውንና ለእርሳቸው የማይመቸውን ነገር ይናገራሉና።

ጋብቻው የተፈጸመው ማርች 4 ቀን 1952 ነው። ሁለቱም የፊልም ተዋንያን ነበሩ፤ ሮናልድ 41 ዓመታቸው ሲሆን አንድ ትዳር ፈርሶባቸዋል፤ ናንሲ 30 ዓመታቸው ነበር። በሆሊውድ የዚያ ዘመን ሰዎች ዘንድ ኮከብ ማስቆጠር እንግዳ ነገር ስላልነበረ፣ ሁለቱም ጉዳዩን ከ1981 በፊት ያውቁት ነበር። ይህን የማነሣው፣ ናንሲ በአንድ ሌሊት ከምንም ተነሥተው አማኝ የሆኑ እንዳይመስል ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጥይቱ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ባልየው ጠባይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሮናልድ ሬገን በአደባባይ ከማንም ጋር የሚግባቡ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ፤ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆነው ለሚስታቸው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል፣ ጎንበስ ማለቱን ረሳሁት የሚል ቀልድ ነው። ሚስታቸው ግን በመጽሐፋቸው የጻፉት ሌላ ነው፤ በባላቸው ዙሪያ ግድግዳ እንዳለ፣ ከማንም ሰው ይልቅ እርሳቸውን እንደሚያስጠጓቸው፣ ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ግድግዳው ለእርሳቸውም ጭምር እንደሚሰማቸው። በ1989፣ ከ37 ዓመት ትዳር በኋላ፣ ባሏን እጅግ የምትወድ ሴት ይህን ዐረፍተ ነገር ማተሟ ቀላል ነገር አይደለም። ለጉዳዩ ቁልፍ የምለው ይህንን ነው።

ከተኩሱ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሄዱ። ባልየው ሕይወቴን ያተረፈልኝ እግዚአብሔር ነው፣ ከእንግዲህም የእርሱ ነኝ ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና ወደ ፊት መመልከት ጀመሩ። በሰባ ዓመታቸው ደረታቸው ተከፍቶ፣ በ12 ቀን ውስጥ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሚስትየው ግን እዚያው ማርች 30 ላይ ቀሩ። እንቅልፍ አጡ፣ ሰውነታቸው ከሳ፣ ባላቸው ከቤት በወጡ ቁጥር እስኪመለሱ ድረስ ትንፋሻቸው ልክ አልሆን አለ። ዓመቱም አላገዛቸውም፤ ሜይ 13 ቀን ሮም ላይ ጳጳሱ ተተኮሰባቸው፤ ኦክቶበር 6 ቀን ካይሮ ላይ የግብጹ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ተገደሉ። በዚህ ላይ በአሜሪካ የታወቀ አንድ አባባል ነበር፤ ከ1840 ጀምሮ በየሃያ ዓመቱ፣ በዜሮ በሚያልቅ ዓመት የተመረጠ ፕሬዚዳንት ሁሉ ከሥልጣኑ በሕይወት አልወረደም የሚል። እስከ 1960ው ኬኔዲ ድረስ ሰባቱም በእርግጥ በሥልጣን ላይ ሳሉ ሞተዋል። ሬገን የተመረጡት በ1980 ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው የቴሌቪዥን አቅራቢው መርቭ ግሪፊን የሚባሉ የቤተሰቡ ወዳጅ፣ ከጆአን ኩዊግሊ የሰሙትን የነገሯቸው፤ ማርች 30 ለፕሬዚዳንቱ አደገኛ ቀን እንደነበር በልደታቸው ቀን የሚሠራው የኮከብ ሰንጠረዥ ያሳይ ነበር ተባሉ። ናንሲ ይህን ሲሰሙ ያሉት፣ በራሳቸው ምስክርነት፣ ለካ ላስቀረው እችል ነበር የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ከተኩሱ በኋላ ነው፤ ከማርች 30 በፊት ማንም ደውሎ አልተናገረም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ቀኑ ክፉ ነበር ማለት ለማንም አይከብድም። በተረጋጋ ጊዜ ቢሆን ናንሲም ይህን ባላጡት ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ንግግር ድንጋጤ ላይ ላለ ሰው የሚሰጠው ስጦታ አለ፤ ጥፋተኛ ያደርገዋል። ጥፋተኛ መሆን ይከብዳል፤ ምንም ማድረግ አለመቻል ግን ከዚያም ይከብዳል። ላስቀረው እችል ነበር የሚል ሰው፣ የሚቀጥለውን ላስቀረው እችላለሁ ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ነገሮች ከእጃቸው እንደወጡ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች በተበታተኑ ነጠብጣቦች መካከል የሌለ ሥዕል እንደሚያዩ፣ ያልተያያዙ ክስተቶችንም እንደሚያያይዙ አሳይተዋል። በዚሁ ጥናት፣ በሕይወታቸው ዋጋ ስለሚሰጡት ነገር አስበው ልባቸው እንዲጸና የተደረጉት ላይ ይህ ዝንባሌ ጠፍቷል። ስለዚህ የናንሲን ወደ ኮከብ መሄድ የማስተዋል ጉድለት አድርጌ አላየውም፤ መያዣ ያጣ እጅ ያገኘውን እንደ መያዝ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ናንሲ የባላቸውን የጉዞና የንግግር መርሐ ግብር ይዘው ሳን ፍራንሲስኮ ይደውላሉ፤ ኩዊግሊ ከልደት ሰንጠረዡ ጋር አመሳክረው የትኛው ቀን ደህና፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ ይነግሯቸዋል፤ ናንሲም ይህን ለሚታመን የጽሕፈት ቤት ሰው ያስተላልፋሉ። መጀመሪያ መልእክቱን ይቀበሉ የነበሩት ማይክል ዲቨር ነበሩ፤ ከ1985 ጀምሮ ተራው የዶናልድ ሪገን ሆነ። ኃላፊው የኮከብ ቆጣሪዋን ስም እንኳ አያውቁም ነበር፤ ናንሲ «ወዳጄ» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ኃላፊው ሥራው ሲበዛባቸው ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ አስቀመጡ፤ ደህናው ቀን በአረንጓዴ፣ ክፉው ቀን በቀይ፣ የሚያጠራጥረው በቢጫ ይቀለማል። ያንን ወረቀት ሳስብ የሚታየኝ የመንግሥት ሰነድ ሳይሆን የአንዲት ሴት የእንቅልፍ ማጣት ካርታ ነው። ቀዩ የማትተኛበት ሌሊት ነው፤ አረንጓዴው ትንሽ የምታርፍበት።

ይሁንና ከስልኩ የሚገኘው ቀን ብቻ አልነበረም። ናንሲ እንደሚሉት፣ በዚያኛው ጫፍ ያሉት ሴት የሚያዳምጡ ነበሩ። ስለ ፍርሃታቸው ያለ ይሉኝታ የሚያወሩላቸው፣ አይዞሽ የሚሏቸው፣ ደግመው ደጋግመው ቢጠይቁም የማይሰለቹ ሰው ነበሩ። ኩዊግሊ ክፍያ ይቀበሉ ነበር፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ማንኛውም አማካሪ ይከፈለዋል። ልዩነቱ እውነተኛው ጉዳይ ፍርሃቱ ሆኖ ሳለ፣ የሚወራው ሁልጊዜ ስለ ፕላኔቶች መሆኑ ነው። ፍርሃቱ በስሙ ተጠርቶ መልስ አላገኘም፤ እየተቆረሰ ቀን በቀን ተስተናገደ። በዚህም ምክንያት አላለቀም።

ባልየው ነገሩን ያወቁት አንድ ቀን ወደ መኝታ ክፍል ገብተው ሚስታቸው ስልክ ላይ ሲያወሩ ባገኟቸው ጊዜ ነው። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ናንሲም ነገሯቸው። መልሳቸው፣ የሚያረጋጋሽ ከሆነ ቀጥይበት፣ ግን ጠንቀቅ በይ፣ ቢወጣ ለሰው ግር ሊል ይችላል የሚል ነበር።

ይህ አጭር ንግግር ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ ያስጨንቀኛል። ከውጭ ሲታይ መልካም ባል የሚሰጠው መልስ ነው፤ አላሾፉባቸውም፣ አልከለከሏቸውም፣ አልተቆጧቸውም። ሃሪ ሪስና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1988፣ ምስጢሩ በወጣበት በዚያው ዓመት ባቀረቡት ሐሳብ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ቅርበት የሚወለደው አንዱ የልቡን ገልጦ ሲናገር፣ ሌላው ደግሞ ተረድቶኛል፣ ተቀብሎኛል፣ ያስብልኛል የሚያሰኝ መልስ ሲሰጥ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እዚያ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ባልየው ተቀብለዋል፤ ያስባሉም። የጎደለው የመጀመሪያው ነው። ስለ ስልኩ ፈቀዱ እንጂ ስለ ምን ትፈሪያለሽ ብለው አልጠየቁም፤ ቢያንስ ናንሲ ከጻፉልን ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። የሚያረጋጋሽ ከሆነ ማለት፣ በሌላ አነጋገር፣ መረጋጋቱን ከዚያ አግኚ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደግነት ንግግሩን ይዘጋል። እኔም ብዙ ጊዜ የማየው ይህ ነው፤ የሚወዱን ሰዎች ፍርሃታችንን ማየት ሲከብዳቸው ለፍርሃቱ ቦታ ያዘጋጁለታል፤ ቦታው ግን ከእነርሱ ጋር አይደለም።

ናንሲም በበኩላቸው በሩን አንኳኩተው አልገቡም። የቆሰለው እርሱ ሆኖ ሳለ እኔ እንዴት አለቅስበታለሁ ብለው፣ አገር የሚመራን ሰው በጭንቀት ላለማድከም ሲሉ ብዙውን ዋጡት። አንዱ እንዳያስጨንቅ ዝም አለ፤ ሌላው ዝምታውን እንደ መረጋጋት ቆጠረው። ኮከብ ቆጠራው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ ቅርበቱን የሰረቀው ኮከቡ ነው ማለት ያስቸግረኛል፤ ክፍተቱ ቀድሞ ነበረ።

እስካሁን ስለ ኮከብ መግጠም አንድም ቃል አለመነሣቱን አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። ስለ ፍቅርና ኮከብ ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ኮከባቸው ይገጥማል ወይ የሚል ነውና ይህንንም ማየት ይገባል። ሮናልድ ሬገን የተወለዱት ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1911 ነው፤ ኮከባቸው ደለዊ ነው። ናንሲ የተወለዱት ጁላይ 6 ቀን 1921 ስለሆነ ኮከባቸው ሸርጣን ነው። በታወቀው የኮከብ ቆጠራ አከፋፈል ደለዊ የነፋስ ወገን፣ ሸርጣን የውኃ ወገን ነው፤ ደለዊ ራሱን የሚያርቅ፣ ስሜቱን የሚሸሽግ ይባላል፤ ሸርጣን ደግሞ የሚጣበቅ፣ ለቤቱ የሚሳሳ፣ ቶሎ የሚከፋው። ብዙዎቹ የማጣጣሚያ ሰንጠረዦች እነዚህን ሁለቱን አያጋቧቸውም። እነዚህ ሰዎች ግን ሞት እስኪለያቸው ድረስ ከ52 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል።

በኮከብ የሚያምን ሰው ደግሞ፣ እንዲያውም ጠባያቸው ልክ እንደተባለው አይደለም ወይ ሊለኝ ይችላል፤ ባልየው ግድግዳ ያላቸው፣ ሚስትየው የሚሳሱ። መልሱ፣ አንድ ጥንድ ምንም አያስረዳም የሚል ነው፤ እኔ ያነሣሁትም አለመግጠም ቢሆን ያው ነው። የሚያስረዳው ብዛት ነው። ዴቪድ ቮአስ የተባሉ ተመራማሪ በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ ከ2001 የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ የተገኙ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥንዶችን የልደት ቀን መርምረዋል። አንዱ ኮከብ ሌላውን ቢስብ ኖሮ፣ መሳቡ እጅግ ትንሽ እንኳ ቢሆን በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል መታየቱ አይቀርም ነበር። አልታየም።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ የናንሲ ምርጫ ነው። የባላቸውን የጉዞ ሰዓት ለኮከብ የሰጡት ሴት፣ የባላቸውን ግድግዳ ሲያስረዱ ኮከብ አልጠሩም። ያነሡት የባላቸውን የልጅነት ታሪክ ነው፤ መጠጥ የሚያሸንፋቸው አባት፣ ከከተማ ከተማ መዘዋወር፣ ጓደኛ ይዞ ሳይጠግቡ መለየት። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደለዊ ስለሆነ ነው ብሎ የደመደመ ሰው የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም፤ ኮከብ አይለወጥምና። ልጅ ሳለ ብዙ ጊዜ ስለተለየ ነው ብሎ የተረዳ ሰው ግን ግድግዳውን ሲያይ ያንን ልጅ ያያል፣ ይራራል፣ ይታገሣልም። ናንሲ ለአደጋው መልስ ከሰማይ ፈለጉ፤ ለሰውየው ግን ከሰውየው ሕይወት። ትዳራቸውን የጠበቀላቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ባልየውስ ምን ሰጡ? ፊት ለፊት የከበዳቸውን በወረቀት ይሉት ነበር። ለአሥርታት ለሚስታቸው ደብዳቤ ጽፈዋል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ይጽፋሉ። ማርች 4 ቀን 1983፣ በጋብቻቸው 31ኛ ዓመት፣ በፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ላይ ሆነው በጻፉት ደብዳቤ፣ ለጥቂት ወንዶች ብቻ የሚደርስ ደስታ 31 ዓመት እንደኖሩበት ይነግሯቸዋል። በዚያው ወቅት በዋሺንግተንና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ስልኩ ይደወል ነበር። ሁለቱም እየተዋደዱ፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እየተናገሩ፣ ፍርሃቱ ግን በመካከል ያለ አድማጭ የቀረበት ጊዜ ነው።

ዋጋው የተከፈለው ከውጭ በኩል ነው። በ1987 መጀመሪያ፣ ፕሬዚዳንቱ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ባደረጉበትና ለኢራን በምስጢር በተሸጠው የጦር መሣሪያ ጉዳይ መልስ ይስጡ ተብለው በተወጠሩበት ሰሞን፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በአደባባይ እንዲታዩ ሲወተውቱ፣ ናንሲ ያገግሙ፣ ቀኑም ደህና አይደለም እያሉ ከለከሉ። ጠቡ እስከ ስልክ መዝጋት ደረሰ። ኃላፊው ፌብሩዋሪ 27 ቀን ሌላ ሰው እንደተተካባቸው ከቴሌቪዥን ሰምተው ለቀቁ፤ በዓመቱም ቂማቸውን በመጽሐፍ መለሱ። ፕሬዚዳንቱ ማንኛውም የመንግሥት ውሳኔ በኮከብ ቆጠራ እንዳልተወሰነ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ናንሲ፣ ኮከብ ቆጠራ ባሌ ሊሞት ከደረሰ በኋላ የያዘኝን ፍርሃት ከምቋቋምባቸው መንገዶች አንዱ ነበር ሲሉ ጻፉ። ምስጢር ሆኖ ሰባት ዓመት የኖረው ፍርሃት በግልጽ ቃል የተነገረው ከተዋረዱ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሬገን ሁለቱንም የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው በጃንዋሪ 1989 በሰላም ወጡ፤ የዜሮው ዓመት አባባልም እዚያ ላይ ተሰበረ። የጠበቃቸው የተመረጠው ሰዓት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ከ1981ዱ ተኩስ በኋላ ግን የጥበቃው ክፍል ፕሬዚዳንቱ በሚገኙበት ቦታ ሕዝቡን በብረት መፈተሻ ማሳለፍን አስፋፍቶ ነበር፤ ይህም በአረንጓዴውም በቀዩም ቀን ይሠራል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የመጣው ማንም ቀን ባልመረጠለት ሁኔታ ነው። ኖቬምበር 5 ቀን 1994 ሮናልድ ሬገን የአልዛይመር በሽታ እንደያዛቸው ለአሜሪካ ሕዝብ በደብዳቤ አስታወቁ። ናንሲ ከዚያ በኋላ፣ ባላቸው ጁን 5 ቀን 2004 እስኪያርፉ ድረስ፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ አስታመሟቸው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ሬገን በሽታው እየከፋ ሲሄድ ቤተሰብ ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ጠቅሰው፣ ናንሲን ከዚህ ሥቃይ የማዳንበት መንገድ ቢኖር ምነው ብለዋል። የሚስታቸውን ፍርሃት ከነስሙ ጠርተው ማወቃቸውን ገለጹ። ደብዳቤውን የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው።